እስከ እረፍት ድረስ ኩርሽም የሚል የዶሮ ክንፍ፦ ለጨዋታ ቀን የአሠራር መመሪያ

የካቲት ሊገባ ሲል ስልኬ አያርፍም። ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካን ፉትቦል የዋንጫ ፍጻሜ፣ የሚውለው በፌብሩዋሪ ሁለተኛ እሁድ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ያንን ሳምንት ስለ ዶሮ ክንፍ ሳናወራ አናልፍም። ደዋዩ ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ቤት የሠራሁት ክንፍ ለምንድን ነው የሚልፈሰፈሰው? የስፖርት ባሩ እኮ ኩርሽም ይላል!» በስልክ ስመልስላቸው ግማሹን ይረሱታል። መልሰው የሚደውሉት ደግሞ ክንፉ ኦቨን ገብቶ፣ እንግዳው በር ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ ጻፍኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ክንፍ ሥጋው ትንሽ፣ ቆዳው ብዙ ነው። ቆዳው ውስጥ ውሃ አለ፣ ከቆዳው ሥር ደግሞ ስብ አለ። ውሃው ካልተነነና ስቡ ቀልጦ ካልወጣ ቆዳው እንደ ላስቲክ ይሆናል። ከታች ያለው እያንዳንዱ ተራ ቁጥር ወይ ውሃ ለማስወጣት ነው፣ ወይ የወጣው ውሃ እንዳይመለስ ለመከላከል ነው። «ይሄን ልዝለለው?» ብላችሁ ስታስቡ ይህን አስታውሱ።

ዋናው አሠራር በኦቨን ነው። በዘይት መጥበስ ለሚፈልግ ወደ ታች ላይ አለ። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ5 ሰው)

ለክንፉ፦
- 2 ኪሎ የዶሮ ክንፍ (4 ተኩል ፓውንድ ገደማ)
- 4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- 3 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው
- 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ

ለቡፋሎ ሶስ (ለ1 ኪሎ ክንፍ)፦
- ግማሽ ኩባያ ሆት ሶስ፣ በካየን ቃሪያና በአቼቶ የሚሠራው ቀጭኑ ዓይነት
- 4 የሾርባ ማንኪያ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ
- 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ

ለአዋዜ ሶስ (ለቀረው 1 ኪሎ)፦
- 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ
- 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና 2 የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ማር
- 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ

ለማጥቀሻ፦
- 1 ኩባያ ወፍራም እርጎ፣ ግማሽ ኩባያ አይብ፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሎሚና ጨው
- ሴለሪና ካሮት፣ በቁመቱ የተቆረጠ

ዕቃ፦
- 2 የኦቨን ትሪ፣ በላያቸው የሚቀመጥ 2 የሽቦ ፍርግርግ
- አሉሚኒየም ፎይልና ብዙ የኩሽና ሶፍት
- ስለታም ቢላ፣ መክተፊያ፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን
- የሥጋ ቴርሞሜትር

ስለ ቤኪንግ ፓውደር ላስጠንቅቅ። ቤኪንግ ሶዳ አይደለም! ስሙ ስለሚመሳሰል ብቻ ሶዳ የጨመረ ሰው አውቃለሁ፤ ክንፉ ሳሙና ሳሙና ብሎ ሁሉም ተጣለ። ቤኪንግ ፓውደር ስትገዙም ማሸጊያው ላይ «ከአሉሚኒየም ነጻ» የሚለውን ምረጡ። ሌላው ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ሊተው ይችላል።

የሽቦ ፍርግርጉም ጌጥ አይደለም። ክንፉ በቀጥታ ትሪ ላይ ከተኛ በራሱ ስብና ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ሞቃት አየር ከታችም ያገኘዋል፣ ስቡም ወደ ታች ይንጠባጠባል።

ስንት ልግዛ?

ክንፉ ዋና ምግብ ከሆነ ለአንድ ሰው ከ8 እስከ 10 ቁራጭ አስቡ። ሌላ ምግብ ካለ 5 ወይም 6 ይበቃል። 1 ኪሎ ጥሬ ክንፍ ሲቆራረጥ ከ20 እስከ 22 ቁራጭ ይወጣዋል። ለሐበሻ ግብዣ ግን ሁልጊዜ 1 ኪሎ ጨምሩ፤ «አልመጣም» ያለው ሰው ጓደኛውን አስከትሎ ይመጣል።

ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ዶሮ ክብደቱ እንዲጨምር ጨውና ውሃ ተወግቶ ነው የሚሸጠው፣ ከነመቶኛውም ተጽፎበታል። ሌላ ምርጫ ካጣችሁ ከላይ ያለውን ጨው በግማሽ ቀንሱ፣ የማድረቂያውን ጊዜ አርዝሙ። ሙስሊም እንግዳ ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም ከሐላል ሥጋ ቤት ግዙ። ለየብቻ መሥራት በአንድ ትሪና በአንድ መቆንጠጫ አይሆንም፣ ይቀላቀላል።

አሠራሩ

1. በረዶውን አስለቅቁ።

የቀዘቀዘ ክንፍ ከገዛችሁ ሐሙስ ወይም አርብ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት። 2 ኪሎ ሙሉ ለሙሉ ለመልቀቅ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የረሳ ሰው በጥብቅ በታሰረ ፌስታል አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከረው፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ይቀይር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ እንዳትተኙ። ውጩ ሞቆ ባክቴሪያ ሲራባ ውስጡ ገና በረዶ ነው። ግማሹ በረዶ የሆነ ክንፍ ኦቨን ውስጥም ውሃ ሲተፋ ያመሻል።

2. መገጣጠሚያው ላይ ቁረጡ።

ለዶሮ ወጥ ብልት ማውጣት የለመደ ሰው እዚህ ጋ አይቸገርም። ክንፉን ዘርጉት። ሁለት መገጣጠሚያ አለው። በጣታችሁ ዳብሱና ጎድጎድ ያለውን ቦታ አግኙ፣ ቢላውን እዚያ ላይ ጫን አድርጉት። ቢላው እምቢ ካለ አጥንት ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። በጉልበት የተቆረጠ አጥንት ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ይቀርና እንግዳ ጥርስ ሥር ይገኛል።

ሦስት ቁራጭ ታገኛላችሁ፦ ትንሽ ታፋ የምትመስለው ወፍራሟ፣ ሁለት ቀጫጭን አጥንት ያላት ጠፍጣፋዋ፣ እና ጫፏ። ጫፏ ሥጋ የላትም፣ ኦቨን ውስጥም ታርራለች። አትጣሏት ግን፤ ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅማችሁ መረቅ ይወጣታል። ተቆርጦ የተዘጋጀ ክንፍ ከገዛችሁ ይህን ዝለሉ።

3. አትጠቡት፤ አድርቁት።

እዚህ ጋ ጠብ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ዶሮ በሎሚና በጨው፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየታጠበ ነው ያደግነው። ለዶሮ ወጥ ቆዳው ስለሚገፈፍና ሥጋው ወጥ ውስጥ ስለሚገባ እርጥበቱ ችግር የለውም። ክንፍ ላይ ግን የምንፈልገው ቆዳውን ነው፣ ያጠባችሁትን ውሃ መልሳችሁ ማድረቅ አለባችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣቂው ሲንኩ ላይ፣ የታጠበው ሳህን ላይ፣ ሰላጣው ላይ ያርፋል። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤቶች «ጥሬ ዶሮ አትጠቡ» የሚሉት ለዚህ ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች የሚገድላቸው እሳት እንጂ ሎሚ አይደለም።

«ካልታጠበ አልበላም» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ (እኔ ቤት አለ) ከቧንቧው ሥር አታድርጉት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሲንኩንና አካባቢውን በሳሙናና በበረኪና አጽዱ።

ታጠበም አልታጠበም፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በሶፍት ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁ። ሶፍቱ እርጥበት መውሰድ እስኪያቆም ድረስ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

4. ጨውና ቤኪንግ ፓውደር ለውሱት።

ጨውን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ቁንዶ በርበሬውን አስቀድማችሁ ደረቅ ሳህን ውስጥ ቀላቅሉ፤ ካልሆነ አንዱ ክንፍ ላይ ተከማችቶ ይመራል። ከዚያ ክንፉን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ዱቄቱን በሦስት ዙር እየነሰነሳችሁ አገላብጡት። ስስ ሽፋን እንጂ ነጭ ቅባት መምሰል የለበትም።

ጨው ከቆዳው ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ሥጋውንም ያጣፍጣል። ቤኪንግ ፓውደሩ ደግሞ ቆዳውን ትንሽ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን ፕሮቲኑ ቶሎ ይፈራርሳል፣ ቆዳውም ቶሎ ይጠበሳል፣ ይቀላል። ጥቃቅን የአየር አረፋም ይፈጥራል። ዘይት ውስጥ ሳይገቡ የተጠበሰ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት አሁን አትጨምሩ። ኦቨን ውስጥ ያርራል፣ ይመራል።

5. ሳይሸፈን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

ትሪውን በፎይል ሸፍኑ፣ ፍርግርጉን አስቀምጡ፣ ክንፎቹን ሳይነካኩ ደርድሩ፣ ቅዳሜ ማታ ፍሪጅ አስገቡ። የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ ቆዳውን ሲያደርቀው ያድራል። ጠዋት ስትነኩት እንደ ብራና ደረቅ ካለ ተሳክቷል። ላስቲክ ካለበሳችሁት ግን ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል።

ጥሬ ዶሮ ሳይሸፈን ሲያድር የታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ከሥሩ ምንም ምግብ አይኑር። ጊዜ ለሌለው 8 ሰዓት በቂ ነው። 1 ሰዓት እንኳ ከምንም ይሻላል።

6. በዝቅተኛ ሙቀት ጀምሩ።

የዋሽንግተንና የኒውዮርክ አካባቢ ሰው ከሆናችሁ ሱፐር ቦውል የሚጀምረው ከምሽቱ 12:30 ገደማ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ፦

- 10:30 ኦቨኑን በ250 ፋራናይት (120 ሴንቲግሬድ) ለኩሱ።
- 10:45 የመጀመሪያውን ትሪ፣ 1 ኪሎ ክንፍ የያዘውን፣ አስገቡ። ሁለተኛው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።
- 11:15 ትሪውን ሳታወጡ ሙቀቱን ወደ 425 ፋራናይት (220 ሴንቲግሬድ) ከፍ አድርጉ።
- 12:10 አካባቢ ይወጣል።

የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ክንፉ ገርጥቶ ታያላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ። አትንኩት። ሥራው ከቆዳው ሥር ነው፤ ስቡ ቀስ ብሎ እየቀለጠ እየወረደ ነው። ገና ከመጀመሪያው በከፍተኛ ሙቀት ቢጀመር ውጩ ቀልቶ ስቡ እንደታፈነ ይቀራል።

7. በከፍተኛ ሙቀት ጨርሱ።

ሙቀቱ ከፍ ካለ ከ25 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ አገላብጡ፣ ከዚያ ሌላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። የቡና ቀለም ጠርዝ ሲያበጅና በማንኪያ ሲነካ ካካካ ሲል ደርሷል። ኦቨን ሁሉ አንድ አይደለምና ከመጨረሻው 10 ደቂቃ ጀምሮ ዓይናችሁን አትንቀሉ። በር መክፈት ግን አታብዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የወረደው ስብ በዚህ ሙቀት ይጨሳል። አንድ ዓመት ፎይል ሳላነጥፍ፣ ትናንት የተጠቀምኩበትን ትሪ ሳላጥብ አስገባሁት። ጭሱ አላርሙን አስነሳው፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ በየካቲት ብርድ በፒጃማ ወጣ። እስከ ዛሬ ሊፍት ውስጥ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ንጹሕ ትሪ፣ አዲስ ፎይል፣ የተከፈተ መስኮት። ብዙ ስብ ከተጠራቀመ ስታገላብጡ በጥንቃቄ ወደ ቆርቆሮ ገልብጡት እንጂ ሲንክ ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧ ይደፍናል።

8. መብሰሉን በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ቴርሞሜትሩን በወፍራሙ ቁራጭ ሥጋ ውስጥ አስገቡ፣ አጥንት እንዳይነካ። ዶሮ ለጤና የሚያሰጋ የማይሆነው 165 ፋራናይት (74 ሴንቲግሬድ) ሲደርስ ነው። ክንፍ ግን እዚያ ላይ ገና ይጎተታል። ጅማቱ ቀልጦ ሥጋው ከአጥንቱ የሚላቀቀው ከ185 እስከ 195 ፋራናይት (ከ85 እስከ 90 ሴንቲግሬድ) ላይ ነው። የደረት ሥጋ እዚህ ቢደርስ እንጨት ይሆናል፤ ክንፍ ግን ስብና ጅማት ስላለው ይለሰልሳል።

ብዙ ሰው የሚያሳስበው አጥንቱ አጠገብ የሚታየው ቀይ ነው። የምንገዛው ዶሮ በለጋ ዕድሜው የታረደ ስለሆነ አጥንቱ ገና ስስ ነው፣ የመቅኔው ቀለም ወደ ሥጋው ሊወጣ ይችላል። በተለይ በረዶ ሆኖ የቆየ ከሆነ። ቀለም አይታመንም። ቴርሞሜትሩን እመኑ።

9. ክንፉ ሊወጣ ሲል ሶሱን ሥሩ።

ቡፋሎ፦ ሆት ሶሱንና አቼቶውን በትንሽ ድስት በዝቅተኛ እሳት ሞቅ አድርጉ። ከእሳቱ አውርዱና ቀዝቃዛውን ቅቤ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ምቱት። ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ሲሆን አቁሙ። ከፈላ ስቡ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ክንፉ ላይም አይይዝም። ከተለያየ 1 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ምቱት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

አዋዜ፦ ሁለቱን ቅቤዎች በዝቅተኛ እሳት አቅልጡ፣ በርበሬውን ጨምሩና 2 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉ። ጥሬ በርበሬ አፍ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ለዚህ ነው የሚቁላላው። ግን በደቂቃ ውስጥ ያርራልና እሳቱ ዝቅ ይበል። ከዚያ ሙቅ ውሃውን፣ ማሩንና ሎሚውን ጨምራችሁ ምቱት። ማቃጠሉ ላነሰበት መጨረሻ ላይ ቁንጥር ሚጥሚጣ። ቅመም ያለበት በርበሬ ጨውም ሊኖረው ስለሚችል ቀምሳችሁ እንጂ ጨው አትጨምሩ።

«ንጥር ቅቤ ብቻ ለምን አላደርግም?» ሽታው ያጓጓል፣ አልክድም። ነገር ግን የገበታ ቅቤ ውስጥ ከስቡ ሌላ ውሃና የወተት ፕሮቲን አለ፤ ስቡንና ቅመሙን አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። ንጥሩ ሲነጠር ያ ሁሉ ወጥቶለታል። ብቻውን ከሆነ ክንፉ ላይ ዘይት፣ ሳህኑ ሥር በርበሬ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ሽታውም አለ፣ ሶሱም ይይዛል።

10. ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሊወርድ ሲል ለውሱ።

ክንፉ ከኦቨን ሲወጣ ፍርግርጉ ላይ 5 ደቂቃ ይተንፍስ። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉ፣ ሶሱን በዙሪያው አፍስሱና ሳህኑን እያነሳችሁ አገላብጡት። ሁሉንም ሶስ በአንድ ጊዜ አታፍስሱ። በሁለት ሦስተኛው ጀምሩ፣ ቀሪውን ጎን ላይ አቅርቡ።

ሶስ የነካው ቆዳ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው ዕድሜው፤ ከዚያ ሶሱ ውስጥ ያለው ውሃ መልሶ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ እንግዳው በር ሲያንኳኳ አትለውሱ። ጫማውን አውልቆ፣ ሰላምታውን ጨርሶ፣ ሲቀመጥ ለውሱ።

እንግዳ ከዘገየስ? ሶስ ያልነካውን ክንፍ ፍርግርጉ ላይ እንዳለ በ200 ፋራናይት (95 ሴንቲግሬድ) ኦቨን ውስጥ እስከ 1 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ፎይል አታልብሱት፤ እንፋሎቱ ታፍኖ የሌሊቱ ድካም ሁሉ ገደል ይገባል።

11. ሁለተኛውን ትሪ ለእረፍት አድርሱ።

ሱፐር ቦውል እረፍት የሚደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በሙዚቃው ምክንያትም ከተለመደው ጨዋታ ይረዝማል። ሁለተኛውን ትሪ ከምሽቱ 1:00 ላይ በቀጥታ በ425 ፋራናይት ኦቨን ውስጥ አስገቡ፣ በ50 ደቂቃ ይደርሳል። ዝቅተኛውን ሙቀት የዘለልነው ኦቨኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ስለማይመች ነው። ትንሽ ልዩነት አለው፣ ግን በዚያ ሰዓት ማንም አያስተውልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ሁለተኛውን ትሪ ቀድማችሁ ግማሽ አብስላችሁ ጠረጴዛ ላይ አታቆዩ። ለብ ያለ፣ ያልበሰለ ዶሮ ባክቴሪያ የሚራባበት ዋናው ቦታ ነው።

ኳስ ለምታዩ ስሌቱ ይቀየራል። የእግር ኳስ እረፍት 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ጨዋታ በየደቂቃው ስለሚቆም እጅን መጥረጊያ ጊዜ አለ፣ የእኛው ግን ክንፍ ስትግጡ ጎል ያልፋችኋል። አንዱን ዙር ከመጀመሩ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ አቅርቡ። ሁለተኛውን ጨዋታው ሊጀመር 5 ደቂቃ ሲቀረው አስገቡት፤ የእረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ዝግጁ ይሆናል።

ማጥቀሻው

በቡፋሎ ክንፍ ጎን የሚቀርበው የብሉ ቺዝ (ሻጋታ ያለው የፈረንጅ አይብ) ማጥቀሻ ነው። ሽታውን የማይወድ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ እኔ በአይብ እሠራዋለሁ። አይቡን፣ እርጎውን፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሎሚውንና ጨውን በብሌንደር ምቱት፣ ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት ይረፍ። የወተት ፕሮቲን የቃሪያውን የሚያቃጥል ነገር ከምላስ ላይ ይዞ ያነሳል። ውሃ ግን ያሰራጨዋል። ልጅ አፉ ሲቃጠል ውሃ ሳይሆን እርጎ ስጡት።

በዘይት መጥበስ ለምትፈልጉ

ተራ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 5 አይቀየሩም። ቤኪንግ ፓውደሩን ግን ተዉት፤ ማድረቁን ዘይቱ ራሱ ይሠራዋል። ጨው ብቻ። ጥልቅ ድስት ውስጥ ዘይቱ ከግማሽ እንዳያልፍ፣ 375 ፋራናይት (190 ሴንቲግሬድ) ይድረስ፣ ክንፉን 8 ወይም 10 እያደረጋችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጥበሱ። ብዙ ከተጨመረ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ክንፉም ዘይት ይጠጣል። ሲወጣ ሶፍት ላይ ሳይሆን ፍርግርግ ላይ አሳርፉት፤ ሶፍት ላይ ሥሩ ይላባል።

እርጥብ ክንፍ ዘይት ውስጥ ከገባ ይፈነጥቃል፣ ክንድና ፊት ያቃጥላል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም! ክዳኑን ግጠሙበትና እሳቱን አጥፉ። ክዳኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጃችሁ አጠገብ ይሁን። ልጆች ኩሽና አይግቡ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ክንፍ ብቻውን የሚሸጡ ሱፐርማርኬቶች አሉ። የፈረንጅ ዶሮ ክንፍ ይሁን፤ የሐበሻ ዶሮ ክንፉ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ውስጡ ሳይበስልም ውጩ ቀድሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ዘይቱን ከ175 እስከ 180 ሴንቲግሬድ ላይ ያዙት፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሩ። በኦቨን የምትሠሩ ደግሞ መብራት ቢጠፋ የሚተካ የጋዝ ምድጃና ዘይት ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ኤር ፍራየር ላለው፦ 400 ፋራናይት፣ ከ20 እስከ 24 ደቂቃ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ፣ በመሐል አንዴ እየነቀነቃችሁ። ለሁለት ሰው ግሩም ነው። ለ10 ሰው ግን ጨዋታውን ኩሽና ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ክንፉን በአዋዜ ዘፍዝፎ ማሳደር። ከሁሉ የበዛው ስህተት ይህ ነው። ለጥብስ የለመድነውን እዚህ ስናመጣው እርጥበቱ ቆዳው ላይ ያድራል፣ በርበሬው ኦቨን ውስጥ ያርራል፣ ሥጋው ሳይበስል ውጩ ይጠቁራል። አዋዜው ከበሰለ በኋላ ነው።

ትሪውን ማጨናነቅ። በክንፎቹ መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ሲነካኩ እንፋሎት መሐላቸው ይታሰራል። ሁለት ትሪ በአንድ ጊዜ ካስገባችሁ በግማሽ ሰዓቱ የላዩንና የታቹን አቀያይሩ።

ማሩን ቀድሞ መቀባት። ስኳር ቶሎ ይጠቁራል። ማር ያለበት ሶስ ኦቨን ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ የመጨረሻው 3 ደቂቃ ብቻ።

ጥሬው የነበረበትን ሳህን ለበሰለው መጠቀም። ጎድጓዳ ሳህኑንና መቆንጠጫውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ ወይም ሌላ አውጡ።

ጿሚ እንግዳ ካለ

የቻምፒየንስ ሊግ ረቡዕም ይጫወታል፣ ሁዳዴም አለ። አበባ ጎመን በጉርሻ ልክ ቆራርጡ፣ በዱቄት፣ በውሃና በጨው በተበጠበጠ ስስ ሊጥ ለውሱት፣ በ425 ፋራናይት 25 ደቂቃ ጋግሩ። ሶሱን በቅቤ ፋንታ በዘይት ሥሩ። ከክንፉ በተለየ ትሪ፣ ከክንፉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ የዶሮ ስብ ከተንጠባጠበበት ጾም አይደለም።

የተረፈው

ክንፉ ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ጣሉት። ጨዋታው ብቻ ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ይህ በቀላሉ ይረሳል፤ በትንሽ በትንሹ እያወጣችሁ አቅርቡ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስታሞቁት ማይክሮዌቭ ቆዳውን ላስቲክ ያደርገዋል። ፍርግርግ ላይ በ375 ፋራናይት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አድርጉት፣ ካስፈለገ ሶስ ያኔ ጨምሩ። አጥንቱን ለውሻ አትስጡ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮውን ይወጋዋል። ለአጥንቱ ባዶ ሳህንና እርጥብ ፎጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ አለዚያ ሰኞ ጠዋት ሶፋው ሥር ታገኙታላችሁ።